ጎማውን የሚበላው መሬቱ ነው፦ በአፈር መም እሽቅድምድም ደንብ ያልደረሰበት እርጥበት

በመኪና እሽቅድምድም ዓለም ስለ ጎማ ብዙ ይባላል፤ ጎማው ስለሚረግጠው መሬት የሚባለው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጎማ በፋብሪካ የተመረተ፣ መለያ ቁጥር የተጻፈበት፣ ዋጋ የወጣለትና ጥንካሬው በመሣሪያ የሚለካ ዕቃ ነው። መሬቱ ደግሞ ትናንት ዝናብ የወረደበት፣ ዛሬ ረፋድ ላይ የውኃ ቦቴ የተመላለሰበት፣ ከቀትር በኋላ ፀሐይና ነፋስ የተፈራረቁበት አፈር ነው። ደንብ የሚያወጡ ሰዎች ሊቆጥሩት የሚችሉትን ነገር መያዝ ስለሚቀናቸው ደንቦች ሁሉ ወደ ጎማው ያዘነብላሉ። ጎማ ቶሎ ሲያልቅ ጠንከር ያለ ጎማ ይታዘዛል፤ ወጪ ሲበዛ ለአንድ ምሽት የሚፈቀደው የጎማ ብዛት ይቀነሳል፤ ተወዳዳሪዎች ጎማቸውን በኬሚካል ሲያለሰልሱ ናሙና ተቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

የዚህ መጣጥፍ አቋም ከዚህ ልማድ የተለየ ነው። በአፈር መም ላይ የጎማ መበላት በዋነኛነት የጎማው ጠባይ ውጤት ሳይሆን የመሬቱ፣ በተለይም በአፈሩ ውስጥ የቀረው ውኃ ውጤት ነው። እርጥበቱ ሳይለካና ለተወዳዳሪዎች ሳይገለጽ ጎማን ብቻ መቆጣጠር መንስኤውን ትቶ ምልክቱን ማከም ይሆናል። ጉዳዩ የስፖርት ወግ ብቻም አይደለም። መሬቱን የሚያዘጋጀው የመሙ ባለቤት ሲሆን የተበላውን ጎማ የሚተካው ግን ተወዳዳሪው ነው። አንዱ ያጎደለውን ሌላው እንዲከፍል የሚያደርግ አሠራር ደግሞ የፍትሕ ጥያቄ ያስነሳል።

የመሙና የመኪናው ጠባይ

አስፋልት ባልለበሰ ሞላላ መም ላይ የሚካሄድ የመኪና እሽቅድምድም በአውስትራሊያና በኒውዚላንድም የተለመደ ቢሆንም ሥር የሰደደው በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ነው። በኦሃዮ የሚገኘው የኤልዶራ መም እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተ ሲሆን፣ በአይዋ የሚገኘው የኖክስቪል መም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 በተጀመረው ዓመታዊ ውድድሩ ይታወቃል። ሁለቱም የግማሽ ማይል፣ ማለትም የ800 ሜትር ገደማ ርዝመት አላቸው። ይህም ከአትሌቲክስ መም ሁለት እጥፍ ያህል ነው።

በእነዚህ መሞች ከሚሮጡት መካከል ኃይለኛው ስፕሪንት የሚባለው መኪና ነው። ክብደቱ ከነሹፌሩ 640 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲሆን ሞተሩ ግን ወደ 900 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። ይህ ሁሉ ጉልበት ወደ መሬት የሚደርሰው በሁለት የኋላ ጎማዎች በኩል ነው። መኪናው ዘወትር ወደ ግራ ስለሚታጠፍ ከሁለቱ ይበልጥ የሚሸከመው የቀኙ ነው። ስለዚህም የቀኝ የኋላ ጎማ ከግራው ሰፋና ገዘፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ቀድሞ የሚያልቀውም እርሱ ነው። መኪናው ኩርባውን የሚያልፈው ቀጥ ብሎ ሳይሆን አፍንጫውን ወደ ውስጥ፣ ጭራውን ወደ ውጭ አድርጎ እየተንሸራተተ ነው። በአስፋልት ላይ እንደ ጥፋት የሚታየው መንሸራተት እዚህ የአነዳዱ መሠረት ነው። በመሆኑም ጎማው በእያንዳንዱ ዙር የሚንከባለለውን ያህል ይፋተጋል።

መሙ የሚሠራው በአብዛኛው ከሸክላ አፈር ነው። የኖክስቪል አፈር ጥቁር ነው፤ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ያሉ መሞች ደግሞ በቀይ ሸክላቸው ይታወቃሉ። ሸክላ የተመረጠው ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑና ውኃ ይዘው እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ነው። በክረምት ዋልካ አፈር ላይ የተራመደ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ያው አፈር ሲርስ ጫማ ይይዛል፤ ሲበዛበት ያንሸራትታል፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

በአንድ ምሽት አራት መሬት

አስፋልት ከጠዋት እስከ ማታ ያው አስፋልት ነው። ሙቀቱ ቢለዋወጥም አካሉ አይለወጥም። የአፈር መም ግን በአንድ ምሽት ውስጥ ከሦስት እስከ አራት የተለያየ መሬት ይሆናል። ጎማውም በእያንዳንዱ ላይ በተለየ መንገድ ይበላል።

የመጀመሪያው ጭቃ ነው። ውኃው ሲበዛ የሸክላው ቅንጣቶች በመካከላቸው በገባው ውኃ ይራራቁና ላዩ ይልማል። የጎማው ጥርስ በጭቃ ይሞላል፤ መሬቱን መንከስ የሚገባው ጥርስ ተደፍኖ ለስላሳ ጎማ ይመስላል። በዚህ ሁኔታ ጎማው እምብዛም አይበላም፤ መኪናው ግን አይታዘዝም፤ ከፊት የሚሄደው የሚረጨው ጭቃም የኋለኛውን ዓይን ይጋርዳል።

ሁለተኛው ሹፌሮች ሁሉ የሚወዱት መሬት ነው። ትርፉ ውኃ ሄዶ የተቀረው ቅንጣቶቹን አጣብቆ የሚይዝበት ጊዜ ነው። አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጽ ይይዛል እንጂ መዳፍ አያቆሽሽም። የጎማው ጥርስ ወደ መሬቱ ገባ ብሎ ይነክሳል፤ መኪናው ጉልበቱን ሲለቅ የሚቆረጠውና ወደ ኋላ የሚወረወረው አፈሩ ነው። በዚህ መሬት ላይ ለስላሳ ጎማ እንኳ ረጅም ውድድር ጨርሶ ጥርሱ ሳይጎድል ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛው ደርቆ የለሰለሰ መሬት ነው። ፀሐይና ነፋስ ውኃውን ሲወስዱ፣ የመኪኖቹም ክብደት ላዩን ደጋግሞ ሲደመድመው መሙ መስታወት መምሰል ይጀምራል። የተፈረፈረው ልል አፈር ወደ ውጭኛው ጠርዝ ተገፍቶ ይከመራል። ጥርሱ የሚነክሰው ስለሚያጣ ጎማው ከላይ ላዩን ይሽከረከራል፤ ይግላል፤ ላዩም ይጠነክርና ያብረቀርቃል። አንዳንዴም ከውስጥ የታፈነው ሙቀት ላዩን ቋቁቻ እንደያዘው ቆዳ ያነፋፋዋል። በዚህ ደረጃ ያሸነፈው ብዙውን ጊዜ ፈጣኑ ሳይሆን የጋዝ መርገጫውን በልኩ የያዘው ነው።

አራተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። መሬቱ ፈጽሞ ሲደርቅና ሲደመደም ከጎማዎች የሚፋቀው ብናኝ በመሙ ላይ እየተጣበቀ ጥቁር መስመር ይሠራል። ያ መስመር ከቀረው መሬት ይልቅ እጅግ አብልጦ ስለሚይዝ ሹፌሮች ሁሉ ወደዚያው ይሰበሰባሉ። ከመስመሩ የወጣ ፍጥነት ያጣል፤ በመስመሩ የቆየ ጎማ ያጣል። ለመቅደም የሚሆን ሁለተኛ መንገድ አይኖርም። ከጥቂት ዙሮች በፊት ሙሉ የነበረው ጥርስ ሙልጭ ብሎ የውስጡ ክር ይታያል፤ በመጨረሻም ጎማው ይፈነዳል። ይህ የሚደርሰው ሹፌሩ ስለተሳሳተ ወይም ፋብሪካው ደካማ ጎማ ስላመረተ አይደለም። ጎማው ያው ነው፤ የተለወጠው መሬቱ ነው።

ከሁለቱ ደካማው ይበላል

ለዚህ ሁሉ ልዩነት አንድ ቀላል መርሕ አለ። ጎማና መሬት ሲፋተጉ የሚባክነው ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከሁለቱ ደካማው ቀድሞ ይፈርሳል፤ ጉልበቱንም ይውጣል። እርጥብ ሸክላ ከጎማው ስለሚደክም የሚፈርሰው አፈሩ ነው፤ ጎማው ይተርፋል። የደረቀና የተደመደመ ሸክላ ግን ከጎማው ላይኛ ገጽ ስለሚጠነክር ዕዳው ወደ ጎማው ይዞራል። የጎማ መበላት ማለት እንግዲህ አፈሩ መክፈል ያቃተውን ጎማው ሲከፍል ማለት ነው።

ጆን አርቻርድ እ.ኤ.አ. በ1953 ባቀረበው ታዋቂ ቀመር መሠረት በፍትጊያ የሚጠፋው የቁስ መጠን በተጫነው ክብደትና በተንሸራተተው ርቀት ልክ ያድጋል፤ በቁሱ ጥንካሬ ልክ ይቀንሳል። ይህ ቀመር ለብረታ ብረት በተሻለ ይሠራል። ጎማ ግን የሚለጠጥ ቁስ ስለሆነ የራሱ ጠባይ አለው። አዶልፍ ሻላማክ በ1950ዎቹ ባደረጋቸው ጥናቶች እንዳሳየው የሚፋተግ ጎማ በላዩ ላይ ከመንሸራተቻው አቅጣጫ ጋር የሚሻገሩ ትንንሽ ሸንተረሮችን ያወጣል፤ መበላቱም ከእነዚህ ሸንተረሮች ጫፍ በመቀደድ ይቀጥላል። ከዚህ የምርምር መስመር የተገኘው ሌላው ቁም ነገር ጎማው ከሚሄድበት አቅጣጫ የሚያፈነግጥበት ማዕዘን በእጥፍ ሲያድግ የሚበላው መጠን ከእጥፍ በላይ መጨመሩ ነው። ጭራውን ወደ ውጭ አውጥቶ ለሚታጠፍ መኪና ይህ ከባድ ዜና ነው። መሬቱ ሲደርቅ ማፈንገጫው ማዕዘን ይሰፋል፤ በዚያው ላይ ሙቀቱ ይጨምራል፤ የጋለ ጎማ ደግሞ በቀላሉ ይቀደዳል። ሦስቱ ምክንያቶች አንዱ ሌላውን እየገፋ ይሄዳሉ።

በአፈሩ በኩል ያለው ዕውቀትም የበሰለ ነው። ስዊድናዊው አልበርት አተርበርግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሸክላ አፈር በውኃው መጠን ከደረቅ ወደ ሊጥ፣ ከሊጥ ወደ ፈሳሽ የሚሸጋገርባቸውን ወሰኖች ለመለካት ዘዴ አበጀ። አሜሪካዊው ራልፍ ፕሮክተር እ.ኤ.አ. በ1933 ለግድብ ሥራ ባደረገው ጥናት ደግሞ አንድ አፈር በተወሰነ ጉልበት ሲደመደም ከሁሉ በላይ የሚታመቅበት የተወሰነ የውኃ መጠን እንዳለው አሳየ። እነዚህ ሁለት መለኪያዎች ዛሬ በማንኛውም የመንገድ ሥራ ላቦራቶሪ ይሠራባቸዋል። ስለዚህ የመም አፈር ምሥጢር አይደለም። በመንገድ ሥራ ውስጥ የዕለት ተዕለት ተግባር የሆነው መለኪያ በእሽቅድምድም መም ላይ ግን በአንድ አዛውንት የመም አዘጋጅ ዓይንና ጫማ ብቻ ተወስኖ ቀርቷል።

የብሪስቶል ትምህርት

ይህ ክርክር በግልጽ የታየበት አጋጣሚ በቴነሲ የሚገኘው የብሪስቶል መም ነው። ከግማሽ ማይል ጥቂት የሚበልጠው ይህ መም ኮንክሪት የለበሰ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 ናስካር ለታላቁ ውድድሩ በኮንክሪቱ ላይ በመጀመሪያ ሰጋቱራ፣ በላዩም ከ2,000 በላይ በሆነ የጭነት መኪና ምልልስ የተጓጓዘ ሸክላ አፈር አስነጠፈ። የዚህ ደረጃ ውድድር በአፈር ላይ ሲካሄድ እ.ኤ.አ. በ1970 ሪቻርድ ፔቲ በራሌ ካሸነፈበት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

በቀጣዮቹ አራት ቀናት የሆነው ነገር ለማንኛውም የላቦራቶሪ ሙከራ የሚበቃ ነበር። ዓርብ በልምምዱ ጊዜ መሬቱ ደረቀ፤ ጎማዎች ከተጠበቀው በላይ በፍጥነት ተበሉ፤ አዘጋጆቹም በውድድሩ ውስጥ ጎማ የሚቀየርባቸው ተጨማሪ ማቋረጫዎችን ጨመሩ። ቅዳሜ ዝናብ መጣ፤ በማጣሪያው የጀመሩት መኪኖች መስታወታቸው በጭቃ ተሸፍኖ ማየት ስላልቻሉ ማጣሪያው ተሰረዘ። ውድድሩ በዝናብ ምክንያት ከእሑድ ወደ ሰኞ ተዛወረ። ሰኞ ከቀትር በኋላ ደግሞ ፀሐይ ወጥታ አቧራው ሹፌሮችን ስለጋረደ ከማቋረጫ በኋላ መኪኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከመነሣት ይልቅ በአንድ ረድፍ እንዲነሡ ተደረገ። ያሸነፈው ጆይ ሎጋኖ ነበር። በአራቱ ቀናት ጎማው አልተለወጠም፤ አፈሩም ከዚያው ቦታ የመጣ ያው አፈር ነበር። የተለዋወጠው በአፈሩ ውስጥ የነበረው ውኃ ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ ከፀሐይ ወደ ምሽት መዛወሩ አዘጋጆቹ ራሳቸው ችግሩ የት እንዳለ መረዳታቸውን ያሳያል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2024 ብሪስቶል ወደ ኮንክሪቱ ተመለሰ። በመጋቢት ወር በተደረገው ውድድር ጎማዎች ባልተጠበቀ ፍጥነት አለቁ፤ ዴኒ ሃምሊን ባሸነፈበት በዚያ ቀን መሪነት 54 ጊዜ ተለዋወጠ። ቀዝቃዛው አየርና በመሙ ላይ የተቀባው ማጣበቂያ እንደ ምክንያት ተጠቅሰዋል፤ ከጎማው የሚፋቀው ብናኝ ኮንክሪቱ ላይ ሳይጣበቅ ተፈረፈረ። በመስከረም ግን ያው ዓይነት ጎማ በዚያው መም ላይ ሲሮጥ ችግሩ ጨርሶ አልታየም፤ ካይል ላርሰን ከ500 ዙር 462ቱን መርቶ አሸነፈ። አንድ ጎማ፣ አንድ መም፣ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ውጤቶች። በኮንክሪት ላይ እንኳ የገጹ ሁኔታ ይህን ያህል ከወሰነ፣ በየሰዓቱ ጠባዩን በሚለዋውጥ ሸክላ ላይ ምን ያህል እንደሚወስን መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ የሚመስል ነገር መፍታት ይገባል። በኮንክሪት ላይ የተጣበቀ የጎማ ብናኝ ጎማን ከመበላት ያድናል፤ በአፈር ላይ ግን ያው ጥቁር መስመር ጎማን ይጨርሳል። ነገሩ ወዲህ ነው። ኮንክሪት ከመጀመሪያውም ሻካራ ስለሆነ ብናኙ ሸካራነቱን ይሞላዋል። አፈሩ ግን አስቀድሞ የሚያንሸራትት ስለነበር ለዚያ ተብሎ የተመረጠው ለስላሳ ጎማ በድንገት ብርቱ መያዣ ያገኛል፤ ሙቀቱም ከታሰበለት በላይ ይንራል። ሁለቱም ማስረጃዎች ወደ አንድ መደምደሚያ ያመራሉ። የጎማ ምርጫ ትክክል ወይም ስሕተት የሚሆነው ከመሬቱ አንጻር ብቻ ነው።

የደንቡ ሸክም በማን ላይ ነው?

አሁን ያለው አሠራር የጎማውን ወገን በሚገባ ይቆጣጠራል። ብዙ ማኅበራት ከአንድ አምራች የተወሰኑ የጎማ ዓይነቶችን ብቻ ይፈቅዳሉ። ጥንካሬው ዱሮሜትር በሚባል የእጅ መሣሪያ ከ0 እስከ 100 በሚደርስ መለኪያ ይጣራል። በኬሚካል ማለስለስ በብዙ ቦታ የተከለከለ ነው፤ ክልከላውም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ለዚህ የሚውሉት ማሟሟያዎች በጠባብ ጋራዥ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ጤና ጎጂ ናቸው።

ነገር ግን ተወዳዳሪው ጎማውን የሚያለሰልሰው ለምንድን ነው? መሬቱ ሲደርቅ የሚይዘው ስለሚያጣ ነው። በጥርሱ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ የሚያወጣው፣ ቦይ የሚቀድደው ለምንድን ነው? ሙቀት የሚወጣበትና ተጨማሪ የመንከሻ ጠርዝ የሚገኝበት መንገድ ስለሚፈልግ ነው። ይህ ሁሉ ድካም በደረቀ መሬት ላይ የጠፋውን መያዣ በጎማ ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው። የተቆረጠና የለሰለሰ ጎማ ደግሞ ይበልጥ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ መሬቱ በደረቀ ቁጥር ገንዘብ ያለው ቡድን ለየሁኔታው የሚሆኑ በርካታ ጎማዎችን ደርድሮ ይመጣል፤ በቤተሰብ አቅም የሚወዳደረው ግን ባለፈው ሳምንት በተረፈው ጎማ ዕድሉን ይሞክራል። የመሬት ዝግጅት ጉድለት የሀብት ልዩነትን የሚያሰፋው በዚህ መንገድ ነው።

ጠንካራ ጎማ ማዘዝም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ለደረቀ መሬት የተበጀ ጠንካራ ጎማ እርጥበቱ ባለበት ሰዓት በቂ መያዣ ስለማይሰጥ መኪናው ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል። አንድ የጥንካሬ ቁጥር ለአራት መሬት አይበቃም።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የመሬቱ መለዋወጥ የስፖርቱ ውበት ነው የሚል ነው። መሬቱን ማንበብ፣ መቼ ወደ ውጭኛው የአፈር ክምር ወጥቶ መቼ ወደ ውስጥ መግባት እንደሚገባ ማወቅ የሹፌር ጥበብ ነው፤ ይህ ከጠፋ የአፈር መም ከአስፋልት በምን ይለያል? ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ መሬቱ አይለዋወጥ የሚል አይደለም። በመጠኑ የደረቀ መሬት ብዙ የመሮጫ መስመሮችን ስለሚከፍት ውድድርን ያሳምራል። ጥበብን የሚገድለው አራተኛው ደረጃ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጥቁር መስመር ተሰልፎ ጎማው እንዳይፈነዳ የሚጸልይበት ሰዓት ለማንበብ የሚሆን መሬት አይተውም። እርጥበትን መጠበቅ ማለት ልዩነትን ማጥፋት ሳይሆን ልዩነቱ ወደ ሞት እንዳይደርስ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው የአየር ሁኔታን ማንም አያዝዝም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዝናብን ማዘዝ አይቻልም። ሆኖም መሬቱን በጥልቀት አርሶ ውኃ ማጠጣት፣ በሮለር መደምደም፣ በውድድሮች መካከል ግሬደር አስገብቶ ላዩን መፋቅና እንደገና ማርጠብ፣ ከአየር ላይ እርጥበት የሚስበውን ካልሲየም ክሎራይድን በልኩ መጠቀም፣ ዋናውን ውድድር ከፀሐይ ወደ ምሽት ማዛወር ሁሉም በሰው እጅ ያሉ ናቸው። በተለይ ላዩን ብቻ ማርጠብና በጥልቀት ማጠጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ላዩን ብቻ የረጠበ መም በመጀመሪያው ሰዓት ጭቃ፣ በሁለተኛው ሰዓት አቧራ ይሆናል። በጥልቀት የጠጣ መም ግን ከታች ወደ ላይ እርጥበት እየላከ ምሽቱን ይዘልቃል።

ሦስተኛው የወጪ ጥያቄ ነው። ትንሽ የከተማ መም ባለሙያና መሣሪያ ከየት ያመጣል? የእርጥበት መለኪያ ግን የረቀቀ ላቦራቶሪ አይፈልግም። ጥቂት አፈር መዝኖ፣ በምድጃ አድርቆ፣ እንደገና መመዘን በቂ ነው። አፈሩ ምን ያህል እንደተደመደመ የሚለካ በእጅ የሚገፋ መሣሪያም ከአንድ የእሽቅድምድም ምሽት የጎማ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ብዙ አይደለም።

ከፈረስ እሽቅድምድም የሚወሰድ ልምድ

ይህ ሐሳብ አዲስ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ በሌላ ስፖርት ውስጥ ይገኛል። በብሪታንያ የፈረስ እሽቅድምድም የመሬቱ ሁኔታ ከውድድሩ በፊት በይፋ ይገለጻል። ለዚህም ጎይንግስቲክ የሚባል በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይሠራበታል። መሣሪያው ወደ መሬቱ ለመግባት የሚጠይቀውን ኃይልና ገብቶ ሲገፋ አፈሩ የሚቋቋመውን ኃይል ለክቶ ሁለቱን በአንድ ቁጥር ያጠቃልላል። የፈረሱ ባለቤት ያንን አይቶ ፈረሱን ያስገባል ወይም ያስቀራል። የፈረስን እግር ለመጠበቅ የተበጀው ይህ አሠራር የሚለካቸው ሁለት ነገሮች የጎማን ዕድሜ ከሚወስኑት ጋር አንድ ዓይነት ናቸው።

በዚህ መሠረት ሦስት ነገሮች ተግባራዊ ቢሆኑ ይበጃል። አንደኛ፣ የመም አዘጋጆች ከእያንዳንዱ ዋና ውድድር በፊት በመሙ ላይ በተወሰኑ ቦታዎች፣ ቢያንስ በሁለት ጥልቀት የአፈሩን እርጥበትና ጥንካሬ ለክተው ውጤቱን ለሁሉም ተወዳዳሪ በእኩል ሰዓት ያሳውቁ። ሁለተኛ፣ ማኅበራት ለጎማ ጥንካሬ ዝቅተኛ ወሰን እንደሚያወጡ ሁሉ ለመሬት እርጥበትም ዝቅተኛ ወሰን ያውጡ፤ መሬቱ ከዚያ በታች ሲወርድ ውድድሩ ለአጭር ጊዜ ቆሞ መሙ እንዲታደስ ይደረግ። ሦስተኛ፣ ልኬቶቹ ከጎማ መበላት መረጃ ጋር አብረው ይመዝገቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እያንዳንዱ መም ለራሱ አፈር የሚስማማውን ልክ በግምት ሳይሆን በመዝገብ ያውቃል።

ሁለተኛው ሐሳብ የደኅንነት ገጽታም አለው። የደረቀ ሸክላ ደቃቅ አቧራ ያወጣል፤ በውስጡ ያለው የሲሊካ ብናኝ በተደጋጋሚ ሲተነፈስ ሳንባን ይጎዳል። ይህ በመሙ ዳር ለሚሠሩት፣ ለሚመለከቱት ልጆችና ለአካባቢው ነዋሪ ሁሉ የሚመለከት ጉዳይ ነው። እርጥበትን መጠበቅ ጎማን፣ ዓይንንና ሳንባን በአንድ ጊዜ መጠበቅ ነው።

ከመም ወደ ፒስታ

በአሜሪካ ገጠር ያለ የእሽቅድምድም መም ከኢትዮጵያ አንባቢ የራቀ ሊመስል ይችላል። የጉዳዩ እምብርት ግን ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ ካለው የመንገድ መረብ ትልቁ ክፍል አሁንም አስፋልት ያልለበሰ ነው። በፒስታና በኮረኮንች መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ባለቤት ስለ ጎማ መበላት ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ የጎሚስታው ደንበኝነት ያስተምረዋል። ልዩነቱ በመም ላይ ለስላሳው ሸክላ ሲጎዳ በመንገድ ላይ ይበልጥ የሚጎዳው አፈሩ በአቧራ መልክ ሄዶ የቀረው ስለታም ጠጠር መሆኑ ነው። መንስኤው ግን ይመሳሰላል፤ ጠጠሩን አጣብቆ የያዘው ሸክላ እርጥበቱን ሲያጣ ይበናል፤ ጠጠሩም ይፈታል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኬንያ መንገዶች ላይ የተደረገው ሰፊ ጥናት የተሽከርካሪ ወጪን፣ የጎማ ፍጆታን ጨምሮ፣ ከመንገዱ ገጽ ሁኔታ ጋር አያይዞ ለመለካት ከተደረጉት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። ዛሬ ኤችዲኤም-4 በሚል ስም የሚታወቀው የመንገድ ኢኮኖሚ መተንተኛ ዘዴ ከዚህና ከሌሎች መሰል ጥናቶች ያደገ ነው። የዘዴው መሠረታዊ ግንዛቤ መንገድ ሳይጠገን ሲቀር ወጪው አይጠፋም፤ ከመንግሥት ወይም ከመንገዱ ባለቤት መዝገብ ወጥቶ ወደ ተሽከርካሪው ባለቤት ኪስ ይዛወራል የሚል ነው።

በአፈር መም ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። አንድ ቦቴ ውኃ ሲቆጠብ የተቆጠበው ገንዘብ በሃያና በሠላሳ መኪና የቀኝ የኋላ ጎማ ላይ ተከፋፍሎ ይከፈላል። የመንገድ መሐንዲሶች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የለኩትን ይህን ዝውውር የእሽቅድምድም ማኅበራት ገና አልለኩትም። መለኪያው አለ፤ ዕውቀቱ አለ፤ ርካሽም ነው። የቀረው የደንብ መጽሐፉ ስለ ጎማ ከሚናገርበት ገጽ ቀጥሎ ስለ መሬቱ የሚናገር ገጽ መጨመር ነው።